ጉርብትና በጠርሙስ አይገባም

ቀይ ባህር ሲባል እኛ የከተማ ልጆች ቶሎ ትዝ የሚለን ወደብ ነው፡፡ አሰብ፣ ምፅዋ፣ መርከብ፣ ኮንቴይነር፣ የወደብ ኪራይ…፡፡ የማኪያቶ ክርክራችን ከዚህ አያልፍም፡፡ ከመርከቡ ሆድ ሥር፣ ውሃው ውስጥ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚጠይቅ የለም፡፡ ዛሬ እኛ እንጠይቅ ብለናል፡፡ ወጋችን ስለ አንድ ዓሣና ስለ አንድ አበባ መሰል እንስሳ ጉርብትና ነው፡፡ ታሪኩ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደናል፤ ስሜንንና ጎንደርን ነካ አድርጎ፣ ቻይና ባህር ደርሶ፣ መጨረሻ ላይ መልሶ ቀይ ባህር ላይ ይጥለናል፡፡ (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ዓሣውን ሳታውቁት አትቀሩም፡፡ በ2003 የወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተባለው የካርቱን ፊልም ዋና ገጸ ባህርይ ያደረገው፣ ያ ብርቱካናማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ ትንሽ ዓሣ ነው፡፡ ክላውንፊሽ ይሉታል፤ ወደ 30 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፡፡ ቤቱ ደግሞ አኔሞኒ ይባላል፡፡ አኔሞኒ ሲያዩት አበባ ነው፤ ሥራው ግን የአውሬ ነው፡፡ የጄሊፊሽና የኮራል ዘመድ የሆነ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ሥጋ በል እንስሳ ነው፡፡ እንደ አበባ ቅጠል የሚወዛወዙት ክንዶቹ በዓይን የማይታዩ መርዛማ መርፌዎች ጠምደው ይጠብቃሉ፡፡ ሌላ ትንሽ ዓሣ ቢነካቸው ተወግቶ፣ ደንዝዞ፣ ወደ አፉ ይሄዳል፡፡ ክላውንፊሽ ግን እዚያው መሃል ይተኛል፣ ይሯሯጣል፣ እንቁላሉንም ከሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ ይጥላል፡፡ ከ1,000 በላይ ከሚሆኑት የአኔሞኒ ዝርያዎች ይህን እንግዳ የሚያስጠጉት 10 ገደማ ብቻ ናቸው፡፡

ይህን ትዕይንት አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም፡፡ የሚገርመው ግን ሳይንስ ዓሣውን ለብቻው፣ አኔሞኒውንም ለብቻው ከመዘገበ በኋላ እንኳ ሁለቱ አንድ ቤት እንደሚኖሩ ለመጻፍ አሥርተ ዓመታት መፍጀቱ ነው፡፡

ባለ ሁለት መቀነቱ

የቀይ ባህሩ ክላውንፊሽ ሳይንሳዊ ስሙ አምፊፕሪዮን ቢሲንክተስ ነው፡፡ «ቢሲንክተስ» ባለ ሁለት መቀነት እንደማለት ነው፤ ከራሱ ኋላና ከወገቡ ላይ የታጠቃቸውን ሁለት ነጫጭ መቀነቶች ለመግለጽ የወጣ ስም ነው፡፡ ስሙን በ1830 ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነው፡፡

ይህን ሰው እንደ ባዕድ አትዩት፡፡ የዋልያን፣ የጭላዳ ዝንጀሮንና የቀይ ቀበሮን ሳይንሳዊ ስም ያወጣውም እሱ ነው፡፡ ዘመነ መሳፍንት ገና ሳያልቅ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምፅዋ በኩል ገብቶ፣ የስሜንን ተራሮች አይቶ ጎንደር ድረስ ዘልቋል፡፡ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ «ብርቅዬ» እያልን የምንኮራባቸው የስሜን እንስሳት ስም ከኋላው የሱን ስም አስከትሎ ይጻፋል፡፡

ወደ እኛ ሀገር ከመምጣቱ በፊት ግን በ1820ዎቹ በግብፅ፣ በሱዳንና በቀይ ባህር ዳርቻዎች ሲዘዋወር ብዙ ሰብስቦ ነበር፡፡ ስብስቡ ወደ ፍራንክፈርት ተልኮ የጉዞው አትላስ በሚል ሥራ በየክፍሉ ይታተም ጀመር፡፡ አከርካሪ የሌላቸውን የቀይ ባህር እንስሳት በ1828 የጻፋቸው ሎይካርት የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ምሁር ነው፡፡ እዚያ ውስጥ «ባለ አራት ቀለም» የሚል ስም የተሰጠው አንድ አኔሞኒ አለ፡፡ ዓሦቹን ራሱ ሩፔል ጻፋቸው፤ ባለ ሁለት መቀነቱም እዚያ አለ፡፡ ዛሬ እንደምናውቀው ባለ አራት ቀለሙ አኔሞኒ የባለ ሁለት መቀነቱ ዓሣ ዋነኛ ቤት ነው፡፡

እንግዲህ አስቡት፡፡ አከራይና ተከራይ ከአንድ ባህር ወጡ፡፡ በአንድ ሰው ጉዞ ተሰበሰቡ፡፡ አንድ አትላስ ውስጥ ገቡ፡፡ ግን አንዱ በአንድ ክፍል፣ ሌላው በሌላ ክፍል፡፡ የክላውንፊሽና የአኔሞኒ አብሮ መኖር ተጽፎ ዓለም ያነበበው ከዚያ 38 ዓመት ቆይቶ ነው፡፡

ጥፋቱን ግን ሩፔል ላይ ብቻ አንደፍድፍ፤ የዘመኑ አሠራር እንዲያ ነበር፡፡ እንስሳው ከውሃ ይወጣል፣ አልኮል ውስጥ ይገባል፣ ይታሸጋል፣ አውሮፓ ይላካል፡፡ እዚያ አንድ ምሁር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የክንፉን አጥንት ይቆጥራል፣ ርዝመቱን ይለካል፣ ስም ያወጣል፡፡ አኔሞኒ ደግሞ ከውሃ ሲወጣ አበባነቱ ያበቃል፤ ኩምትር ብሎ የተጨመቀ ጨርቅ ይመስላል፡፡ ከሁለት ጠርሙስ ውስጥ ጉርብትናን ማንበብ የሚችል ዓይን የለም፡፡

ዕውቀቱም በርካሽ የመጣ አይደለም፡፡ ከሩፔል ጋር በአንድ ዘመን ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ከበርሊን ተነስተው እዚሁ ቀይ ባህር ላይ ይሰበስቡ ነበር፡፡ ሄምፕሪክ በ1825 ምፅዋ ላይ ንዳድ ይዞት ሞተ፡፡ ዕድሜው ገና 29 ነበር፡፡ ኤረንበርግ ብቻውን ሀገሩ ገብቶ የሁለቱንም ልፋት ያትም ጀመር፡፡ በ1834 ለአንድ የቀይ ባህር አኔሞኒ ስም ሲያወጣ የሟቹን ስም ከራሱ ስም ጋር አጣምሮ ጻፈው፡፡ ያም አኔሞኒ የክላውንፊሽ ቤት ከሆኑት አንዱ ነው፡፡

«ከፊል ጥገኛ»

ካትበርት ኮሊንግዉድ እንግሊዛዊ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር፡፡ በ1866 በእንግሊዝ የጦር መርከቦች ተሳፍሮ የቻይናን ባህር ሲያስስ የኮራል ሪፍ ላይ ወርዶ ግዙፍ አኔሞኒ አየ፡፡ ውስጡ ደግሞ ሕይወት ያለው፣ ያልተበላ፣ ደህና የሆነ ዓሣ አለ፡፡ በ1868 ለንደን ላይ ያሳተማት አጭር ማስታወሻ ስለ ክላውንፊሽና አኔሞኒ አብሮ መኖር የመጀመሪያዋ ጽሑፍ ተደርጋ ትቆጠራለች፡፡ የሰውየው ብልጫ ምን እንደነበረ ልብ በሉ፡፡ ከሱ በፊት ከነበሩት የበለጠ መሣሪያ አልነበረውም፡፡ እንስሶቹን በቤታቸው፣ በሕይወት እያሉ አያቸው፤ በቃ፡፡

ዓሣውን ግን ምን ብሎ ጠራው? «ከፊል ጥገኛ»፡፡ ትንሹ ትልቁ ውስጥ ተሸሽጎ ካዩት በዚያ ዘመን የነበረው ቃል ይኸው ነበር፤ ጥገኛ፡፡ አብሮ መኖር የሚባለው ነገር ገና ወግ ያለው ስም አላገኘም፡፡ ስሞቹ የመጡት ጥቂት ዓመታት ዘግይተው ነው፡፡ በ1875 ቫን ቤነደን የተባለ ቤልጂማዊ ስለ እንስሳት ማዕድ ተጋሪዎችና ጥገኞች መጽሐፍ ጽፎ ነገሩን ሦስት ቦታ ከፈለው፡፡ የሰው ገበታ ላይ የሚቀመጥ ግን ቤት የማያፈርስ አለ፤ የቤቱን ባለቤት የሚበላ አለ፤ ተረዳድቶ የሚኖርም አለ፡፡ በ1878 ደግሞ ጀርመናዊው ደ ባሪ የተለያዩ ፍጥረቶች አብረው የሚኖሩበትን ሁኔታ ሁሉ «ሲምባዮሲስ» አለው፤ አብሮ መኖር ማለት ነው፡፡

ቃል ሲገኝ ዓይን ይከፈታል ቢባልም ቶሎ አልተከፈተም፡፡ በ1948 ግብፃዊው የባህር ተመራማሪ ሐሚድ ጎሃር፣ ቀይ ባህር ዳር ካለው የጉርዳቃ ጣቢያ ሆኖ ስለዚሁ ስለ ባለ ሁለት መቀነቱ ዓሣ ጥናት አወጣ፡፡ የእንቁላሉን ሁኔታ ሳይቀር ገልጾታል፡፡ (በነገራችን ላይ ጎሃር በኋላ በግብፅ ቴሌቪዥን ስለ ባህር ዓለም በሚያቀርበው ፕሮግራም የብዙ አረብ ልጆች የባህር መምህር ሆኗል፡፡) የጥናቱ ርዕስ ግን አሁንም ግንኙነቱን «ማዕድ ተጋሪነት» ነበር የሚለው፡፡ ዓሣው ከ«ከፊል ጥገኛ» ወደ «ማዕድ ተጋሪ» ከፍ አለ እንጂ ለባለቤቱ የሚጠቅም ጎረቤት መባል ገና ይቀረው ነበር፡፡

ለምን አይነደፍም?

በ1930 የኔዘርላንዱ ቨርዌ የዛሬዋ ጃካርታ አጠገብ፣ ባታቪያ የባህር ወሽመጥ ላይ፣ ስለ ሁለቱ እንስሳት አብሮ መኖር ሰፊ ጥናት አትሞ ነበር፡፡ ነገሩን የለወጠው ግን ኩስቶና ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን በ1943 የሠሩት የመተንፈሻ መሣሪያ ነው፡፡ ሰው አየሩን ጀርባው ላይ አዝሎ እንስሶቹ ቤት ድረስ መሄድ ቻለ፡፡

ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ለምን አይነደፍም? በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳቨንፖርትና ኖሪስ በመስታወት ገንዳ ይህን ተከታተሉ፡፡ ዓሣው አዲስ አኔሞኒ ሲያገኝ ዘሎ አይገባም፡፡ ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ ደግሞ ታክኮ ይመለሳል፤ እየደጋገመ፣ እየቆየ፣ በመጨረሻ ሙሉ ሰውነቱን ያስገባል፡፡ አዲስ ሰፈር እንደገባ ሰው ነው፡፡ ሰላምታ፣ ቡና፣ ከዚያ ቤት መግባት! ተመራማሪዎቹ ምስጢሩ ያለው ሰውነቱን በሸፈነው ዝልግልግ ልባስ ላይ ነው ብለው ደመደሙ፡፡

ልባሱ የማን ነው በሚለው ላይ ደግሞ ሁለት ወገን ሆኑ፡፡ ጀርመናዊው ሽሊክተር ዓሣው የአኔሞኒውን ዝልግልግ እየተቀባ ራሱን ይደብቃል አለ፤ የአከራዩን ጋቢ ደርቦ እንደመግባት ነው፡፡ ሉቦክ ደግሞ በ1980 የለም፣ ልባሱ የዓሣው የራሱ ነው፣ የተለየውም በኬሚካሉ ነው ብሎ ተከራከረ፡፡ በ2025 የወጣ ጥናት ለሉቦክ ወገን የሚያደላ ማስረጃ አምጥቷል፡፡ የአኔሞኒን መርፌ ከሚያስነሱት ነገሮች አንዱ ሲያሊክ አሲድ የሚባል ስኳር ነው፤ በአብዛኛው ዓሣ ልባስ ላይ ይገኛል፡፡ በክላውንፊሽ ልባስ ላይ ግን መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፡፡ ገና የተፈለፈለ ጫጩት ላይ ስኳሩ እንደ ሌላው ዓሣ ነው፤ አኔሞኒ ቢነካ ይነደፋል፡፡ መጠኑ የሚወርደው ጫጩቱ መልኩን ሲለውጥ፣ ነጩ መቀነት ሲወጣለት አካባቢ ነው፡፡ መቀነቱን ሳይታጠቅ ቤት አይገባም ማለት ነው፡፡

ይህ ሁሉ ስለ ዓሣው ነው፡፡ ለረጅም ጊዜም ጥያቄው ሁሉ በዓሣው በኩል ነበር፤ እንዴት ይገባል፣ ምን ያገኛል፣ ከማን ይሸሸጋል? አኔሞኒውን ምን አገኘህ ብሎ በደንብ የጠየቀው ሰው የመጣው ዘግይቶ ነው፡፡

አከራዩስ?

መጠየቂያው ዘዴ ቀላል ነው፡፡ ዓሣውን አውጡና አኔሞኒው ምን እንደሚሆን ተመልከቱ፡፡ ጎድዊንና ፎቲን በ1992፣ ፖራትና ቻድዊክ ደግሞ በ2004 ያሳተሟቸው ሥራዎች እንዲህ ያለውን ሙከራ ይዘው መጡ፡፡ የነፖራት ሥራ የተካሄደው ቀይ ባህር ጫፍ፣ ኤላት ላይ፣ በዚያው በባለ ሁለት መቀነቱና በባለ አራት ቀለሙ ጥንድ ነበር፡፡ ዓሣው ሲወጣ ቢራቢሮ ዓሣ የሚባሉት የአኔሞኒ በላተኞች ይመጣሉ፡፡ እነሱ መርፌው ብዙም አይበግራቸውም፤ ክንዱን እየቆረጡ ይበሉታል፡፡ አኔሞኒው ይኮማተራል፣ እድገቱም ይዘገያል፡፡ ዓሣው ቤቱ ካለ ግን ከራሱ የሚበልጠውን ሁሉ እየነከሰ ያባርራል፡፡ ዘበኛ ነው፡፡

ዘበኛ ብቻም አይደለም፡፡ አኔሞኒ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩና ለአኔሞኒው ያካፍላሉ፡፡ አልጌዎቹ ማዳበሪያ ይፈልጋሉ፡፡ ማዳበሪያው ከየት ይመጣል? ዓሣው ከሚያስወግደው አሞኒያ፡፡ የተከራዩ ቆሻሻ የአከራዩ ጓሮ ማዳበሪያ ሆነ፡፡ ስለዚህ የዚህ ቤት ነዋሪ ሁለት መስሎን ኖሮ ሦስት ነው፤ ሦስተኛውን ለማየት ማይክሮስኮፕ አስፈለገ፡፡

ሌሊቱም አለ፡፡ ዮርዳኖስ፣ አቃባ ላይ በተሠራና በ2013 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ዓሣውንና አኔሞኒውን አንድ ላይም ለየብቻም አድርገው በጨለማ የሚወስዱትን ኦክስጅን ለኩ፡፡ አብረው ሲሆኑ የሚወስዱት ለየብቻ ሲሆኑ ከሚወስዱት ድምር 1.4 እጥፍ ሆነ፡፡ ዓሣው ሌሊቱን በክንዶቹ መሃል እየተገላበጠ፣ በክንፉ እያራገበ፣ የታፈነውን ውሃ ያንቀሳቅሰዋል፡፡ ሁለቱን ለየብቻ ለክቶ መደመር ይህን ቁጥር አያወጣም፡፡ ሩፔል ሁለት ጠርሙስ ሲያሽግ የቀረው ነገር ይኸው ነበር፡፡

የቤቱ ሕግ

ጠላቂዎቹ የዓሣዎቹን የእርስ በርስ ኑሮም አዩ፡፡ በ1977 ሃንስ ፍሪክና ሲሞን ፍሪክ ባለ ሁለት መቀነቱን ጨምሮ ስለ ክላውንፊሽ ጋብቻ ያወጡት ጥናት ብዙ ሰው አስደንቋል፡፡ በአንድ አኔሞኒ ውስጥ ትልቋ ሴቷ ናት፤ የቤቱ አዛዥ እሷ ናት፡፡ ሁለተኛው ባሏ ነው፡፡ ሌሎች ካሉ የማይወልዱ ተራ ጠባቂዎች ናቸው፡፡ ሴቷ ከሞተች ባሏ ጾታውን ለውጦ ሴት ይሆናል፤ ከተራ ጠባቂዎቹ ትልቁ ባል ይሆናል፡፡ (የኒሞ አባት እንግዲህ ሚስቱ ስትሞት ልጅ ፍለጋ ባህር ከማቋረጡ በፊት ሴት መሆን ነበረበት! ፊልሙን ያየ ሁሉ ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም ይላል፡፡)

ፒተር በስተን ደግሞ በ2003 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ ባደረገው ጥናት ተራ ጠባቂዎቹ እድገታቸውን ሆን ብለው እንደሚገቱ አሳየ፡፡ ከፊታቸው ካለው ዓሣ ያነሱ ሆነው ይቆያሉ፤ ልካቸውን አልፈው ካደጉ ይባረራሉና፡፡ ከቤት መባረር ደግሞ በዚያ ባህር ሞት ነው፡፡ ይህ ሁሉ ሥርዓት፣ ሹመቱም ወረፋውም፣ የቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ቤት በመኖሩ ላይ፡፡

ቤቱ ሲነጣ

በ2016 የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት በሆነችው ሞሬያ ውሃው ሲሞቅ አኔሞኒዎች ነጡ፡፡ መንጣት ማለት ሦስተኛው ነዋሪ፣ አልጌው፣ ቤቱን ለቆ ሲወጣ ነው፡፡ ዓሣዎቹ አልሞቱም፡፡ በ2017 የታተመው ጥናት ግን በነጡ ቤቶች የሚኖሩት የሚያፈሩት እንቁላል 73 በመቶ መውረዱን፣ በደማቸውም የጭንቀት ሆርሞን መጨመሩን መዘገበ፡፡ አኔሞኒዎቹ ሲያገግሙ ዓሣዎቹም አገገሙ፡፡

ከዚያ 2023 መጣ፡፡ ቀይ ባህር ሙቀት የለመደ ባህር ነው፤ ኮራሎቹም ከሌላው ዓለም የበለጠ ይችላሉ ይባልላቸው ነበር፡፡ በዚያ ዓመት በሳዑዲ ዓረቢያ በኩል፣ የባህሩ ወገብ ላይ ያሉ ሦስት ሪፎችን የሚከታተሉ ተመራማሪዎች ያዩት ሌላ ነው፡፡ አኔሞኒዎቹ በሙሉ ነጡ፤ ነጭ እንደሆኑም ለወራት ቆዩ፡፡ ከዓሦቹ ከ90 በመቶ በላይ አለቁ፡፡ ከአኔሞኒዎቹም አብዛኞቹ ሞቱ፡፡ ዓሣው የትኛው ነው ካላችሁ፣ ሩፔል በ1830 ስም ያወጣለት ያው ባለ ሁለት መቀነቱ ነው፡፡

ለምን እንዲህ በአንድ ጊዜ እንደሚፈርስ ከላይ ያወራነው ታሪክ ይነግረናል፡፡ አልጌው ከወጣ አኔሞኒው ይራባል፡፡ አኔሞኒው ከተኮማተረ ዓሣው መጠለያ ያጣል፡፡ ዓሣው ከተበላ አኔሞኒው ዘበኛም፣ ማዳበሪያም፣ የሌሊት ማራገቢያም ያጣል፡፡ ቢያገግም እንኳ የሚጠብቀው የለም፡፡ የጥቅሙ ሰንሰለት በዞረበት መንገድ ጉዳቱም ይዞራል፡፡

ዝርያው ከምድር ጠፍቷል እያልን አይደለም፡፡ ባለ ሁለት መቀነቱ በሌሎች የቀይ ባህር ሪፎች አለ፡፡ የሩፔል ስብስብም ፍራንክፈርት፣ ሴንከንበርግ ሙዚየም ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል፡፡ ሥጋቱ ሌላ ነው፡፡ እኛ ሰዎች የምንቆጥረው ዓሣ ስንት ቀረ፣ ኮራል ስንት ቀረ እያልን ነው፡፡ እንደ ድሮዎቹ ሰብሳቢዎች አንድ በአንድ ስንቆጥር በመካከላቸው ያለው ነገር ከመዝገባችን ያመልጣል፡፡ በነዚያ ሦስት ሪፎች ቀድሞ የተበጠሰው ግን ያ በመካከላቸው ያለው ነበር፡፡

የኛ ሰው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል፡፡ ቀይ ባህር የቅርብ ጎረቤታችን ነው፤ ስለ ወደቡ መከራከራችንን እንቀጥል፣ ማንም አይከለክለንም፡፡ ግን የዋልያንና የጭላዳን ስም ባወጣ እጅ ስም የወጣለት አንድ ትንሽ ዓሣ ከወደቡ በታች ቤቱ እየነጣበት እንደሆነ አብረን እንወቅ፡፡ ቀጥሎ ቀይ ባህር ሲነሳ ከኮንቴይነሩ ወሬ መሃል ይህችን ጣል አድርጉልን፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡